ከችግኙ በፊት ወጥ ቤቱ፦ የክረምት ካምፕና አካባቢ

የቤተ ክርስቲያናችን የካምፕ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነን። ክረምቱ ሊገባ ነው። አንድ ወጣት እጁን አወጣና «ዘንድሮ ካምፓችን ለአካባቢ የሚስማማ ይሁን» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ሐሳብ መጣ። ችግኝ እንትከል። ስለ ፍጥረት የሚናገር ትልቅ ባነር እናሠራ። አረንጓዴ ቲሸርት እናሳትም። ከኋላ የተቀመጡት የወጥ ቤት ኃላፊ ተራቸው ሲደርስ «እኔስ የእንጨቱ ገንዘብ አምናም አልበቃኝም» አሉ። ሰብሳቢው «እሱን በጀት ላይ ስንደርስ እናየዋለን» ብሎ ወደ ቲሸርቱ ተመለሰ።

ያን ቀን ስለ አካባቢ ቁም ነገር የተናገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው አላወቁትም። እኛም አላወቅነውም።

ካምፕ ማለት ለአምስት ቀን የምትቆረቆር ትንሽ ከተማ ናት። 150 ልጅና 30 አገልጋይ አንድ ግቢ ውስጥ ይከተታል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ይጸዳዳል፣ ቆሻሻ ይጥላል። በመኪና ይመጣል፣ በመኪና ይመለሳል። ካምፑ ተፈጥሮን የሚጎዳውም የሚጠቅመውም በነዚህ ነው። ባነሩ ላይ የተጻፈው ጥቅስ እዚህ ውስጥ ብዙም ድርሻ የለውም።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ምክሮች አብዛኞቹ ለሌላ አገር የተጻፉ ናቸው። አምፑል ቀይሩ፣ መብራት አጥፉ፣ ማሞቂያውን ቀንሱ ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ስለሆነ፣ መብራት ማጥፋት ጭስ መቀነስ ነው። እኛ ጋ ግን ከ90 በመቶ በላዩ ኤሌክትሪክ ከውሃ ነው የሚመጣው። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 5,150። አምፑል ማጥፋት ለቆጣሪው ጥሩ ነው፣ አይከፋም። ቢሾፍቱም ሆነ ላንጋኖ ዳር የሚደረግ ካምፕ ጭሱ የሚወጣው ግን ከምጣዱ ሥር ነው።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራ። 180 ሰው በቀን ሁለት ሁለት እንጀራ ቢበላ፣ በአምስት ቀን 1,800 እንጀራ ነው። ወጡ፣ ሻዩ፣ የጠዋቱ ቂንጬ ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ በሦስት ጉልቻ ከተሠራ አብዛኛው ሙቀት በጎን ያመልጣል። ከእሳቱ ጉልበት ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአሥር ሸክም እንጨት ስምንት ዘጠኙ የሚያሞቀው ሰማዩን ነው ማለት ነው። እንጨቱ ደግሞ የሆነ ቦታ ከቆመ ዛፍ የመጣ ነው። በስምጥ ሸለቆ መንገድ የሄደ ሰው ከመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አይቶታል። ያ ከሰል ትናንት ግራር ነበር።

ምን ይደረግ? ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቅደም። አንዱ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል። አራቱን አንድ ላይ መሰካት ወደ 15 ኪሎ ዋት ነው፤ ይህን የተራ ቤት መስመር አይችለውም። ኤሌክትሪሺያን ቀድሞ ይየው። አለበለዚያ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይወጣ ቆጣሪው ጠቅ ይልና ሌሊቱን ሙሉ ሻማ ፍለጋ ነው። ሌላው መንገድ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ከሚጋግሩ የከተማው ሴቶች መግዛት ነው። ለነሱ ገቢ ነው፣ ለእናንተ እረፍት።

በእንጨት መጋገር ግድ ከሆነ ምርጥ ምድጃ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ እዚሁ አገር የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚወጣ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ ምድጃ ነው። እሳቱ በጎን አያመልጥም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጭሱም ስለሚቀንስ የጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ይተርፋል። ለዓመታት «ወጥ ቤት ማገልገል መስቀል መሸከም ነው» ስንል ኖረናል። መስቀሉን ግማሽ ያደረገው እኛው ያልገዛነው ምድጃ ነበር።

ምንም ሳይገዛ የሚደረግም አለ። እንጨቱን ግንቦት ላይ ግዙና ጣራ ሥር ደርድሩ። እርጥብ እንጨት ሲነድ መጀመሪያ የሚያፈላው የራሱን ውሃ ነው። ያን ጊዜ ጭሱ ይበዛል፣ እሳቱ ይደክማል፣ ሰዉም እንጨት ይጨምራል። ክረምት ላይ ካምፕ አድርጎ ሐምሌ ላይ እንጨት መግዛት በዝናብ የራሰ ውሃ በገንዘብ መሸመት ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከምሽቱ ውሃ ውስጥ ይደሩ፤ የመብሰያ ጊዜያቸው በጣም ያጥራል። ድስት ይከደን። ትልቅ ነገር አይመስልም፣ ግን የትልቅ ድስት ክዳን እኮ ሁሌ የት እንደሚጠፋ አይታወቅም።

ወደ ምግቡ እንግባ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት በብዙ አገር ያሉ እርሻዎችን አነጻጽሮ ነበር። ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ ወደ 50 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ጋዝ ይወጣል። ከአተር ለሚገኘው ተመሳሳይ ፕሮቲን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እርግጥ የኛ በሬ ዓመታት አርሶ ነው የሚታረደው፤ ስሌቱ በቀጥታ አይገጥምም። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ሽሮ ከጥብስ ይቀላል።

እዚህ ላይ ኦርቶዶክሳውያን ቀድመውናል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም የሚደረግ የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር ማንም ሳያቅድለት በምግቡ በኩል ከብዙ የውጭ አገር «አረንጓዴ» ካምፖች ይሻላል። በወንጌላውያን ካምፕ ሽሮ በቀን ሁለቴ ከቀረበ ጉርምርምታ ይነሳል። እስራኤልም በምድረ በዳ መና ሰልችቷት ሥጋ አምሯት ነበርና አይፈረድባቸውም። ሥጋውን ለመጨረሻው ቀን ማዕድ ማድረግ ይቻላል። ሲጠበቅ ደግሞ ይጣፍጣል።

ከሥጋው በላይ የሚያናድደው ግን የሚደፋው ነው። ጤፍ ታርሶ፣ ታጭዶ፣ ተፈጭቶ፣ በእንጨት ተጋግሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የሚገባ እንጀራ የደከመበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ ያዘዘው ምን ነበር? የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ፣ ምንም እንዳይጠፋ። ተአምር የሚሠራው ራሱ ቁርስራሽ አስለቀመ። ይህን ክፍል በካምፕ ስንት ጊዜ ሰብከናል፣ ከስብከቱ በኋላ ስንት ትሪ ደፍተናል!

ብልሃቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ትንሽ ይቅረብ፣ የፈለገ ተመልሶ ይጨመርለት። ለስድስት ልጅ አንድ ትሪ ይሁን፤ የሚታጠበው ዕቃ ይቀንሳል፣ ከእያንዳንዱ ሳህን የሚተርፈው ቁራሽ ይቀራል፣ ልጆቹም ይተዋወቃሉ። ያልተነካው እንጀራ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፣ ከዚያ የተረፈው እንዲደርቅ ተሰጥቶ ድርቆሽ። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ቆጣቢ ስለሆኑ ነው፤ ስም ሳይወጣለት በፊት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከየገበታው የተነሳውን ትራፊ በሚዛን መዝኑና ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ስድብም ምክርም አያስፈልግም። ቁጥሩ በሦስተኛው ቀን ራሱ ይወርዳል፣ ልጆቹ እንደ ጨዋታ ይዘውታልና።

የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የድንቹ ቆዳ፣ የቡናው አተላ ደግሞ ኮምፖስት ይሆናል። ኮምፖስት እንዳይሸት የሚጠይቀው ሚዛን ነው። እርጥብና አረንጓዴ ነገር ናይትሮጅን አለው፤ ደረቅ ሣር፣ ገለባና ደረቅ ቅጠል ካርቦን አለው። የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ሠላሳ እጅ ያህል ካርቦን ይፈልጋሉ። በተግባር ሲታይ አንድ ባልዲ ልጣጭ በደፋችሁ ቁጥር ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር ከላይ ማልበስ ነው። በክረምት ዝናቡ እንዳያጥለቀልቀው በቆርቆሮ ወይም በሸራ ይሸፈን። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፣ ቶሎ አይበሰብስም። ካምፑ ሲያልቅ የሚገለብጠው ሰው ከሌለ ግን አትጀምሩት። አምስት ቀን የተጠራቀመና የተረሳ ክምር ለዝንብ ድግስ ነው።

ፕላስቲኩ

አሁን ስለ ሃይላንድ። ለ180 ሰው በቀን ሦስት ሦስት ግማሽ ሊትር ብንሰጥ በአምስት ቀን 2,700 ባዶ ጠርሙስ ይሆናል። ያንኑ ውሃ በ20 ሊትር ጃር ብናመጣው ወደ 68 ጃር ነው፤ ጃሩም ተመልሶ ይሞላል። ልጆቹ ስማቸው የተጻፈበት አንድ ኮዳ ወይም ያው አንድ ሃይላንድ ይዘው ይምጡና ሳምንቱን እሱን ይሙሉ። የቧንቧው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ መጠቀም ይቻላል። ማፍላቱ እንጨት እንደሚበላ አትርሱ። የተረፈውን ጠርሙስ ለቆራሌው ለብቻው ለይታችሁ አስቀምጡለት። ከወጥ ተደባልቆ ከተጣለ በኋላ እሱም አያነሳው።

ፌስታልማ ሕግም አለበት። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የከለከለው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል ነበር። በ2017 ዓ.ም ፓርላማው ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን ፌስታልን በአጠቃላይ ነው የከለከለው። ለካምፕ የሚገዛ ዳቦና ሽንኩርት በዘንቢልና በጆንያ ይምጣ። አንድ ጊዜ ተበልቶበት የሚጣለውን ሳህንና ኩባያም ተዉት። አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ሳህኑንና ኩባያውን ይዞ ነበር የሚሄደው። ልጆቹ ይዘው ይምጡ፣ በልተው ራሳቸው ይጠቡ።

በመጨረሻው ቀን ጓሮ ወስዶ ማቃጠል የሚባለውን ልማድም እንተው። ፕላስቲክ በተራ እሳት ሲነድ መርዙ ወደ ጭስና ወደ አመድ ይሄዳል። የባነር ሸራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ስላለበት ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ስለ ፍጥረት ጥበቃ የተጻፈበትን ባነር ማቃጠል ምን እንደሚመስል ለራሳችሁ ተዉት። ዓመተ ምሕረት ካልተጻፈበት በሚቀጥለው ዓመትም ይሰቀላል። ከተጻፈበትም ገልብጦ ለኮምፖስቱ ክዳን ማድረግ ይቻላል። ቲሸርቱም እንደዚሁ ነው። ለአንድ የጥጥ ቲሸርት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የውሃ መጠን 2,700 ሊትር ነው። «ካምፕ 2017» ተብሎ የታተመ ቲሸርት መስከረም ላይ ፒጃማ ይሆናል። ዓመቱን ብቻ ብታወጡለት ሦስት አራት ክረምት ያገለግላል።

ውሃና ሽንት ቤት

ስለ ሽንት ቤት መጻፍ የሚወድ የለም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን አላፈረበትም። ዘዳግም 23 ላይ የሠፈረው ሰራዊት ከሰፈር ውጭ እንዲወጣ፣ መቆፈሪያ እንዲይዝ፣ ቆፍሮም እንዲሸፍን ታዟል። ይህ በቀጥታ የካምፕ ሕግ ነው።

በቢሾፍቱ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። የሚወጣ ወንዝ የላቸውም። የገባባቸው ሳሙና፣ የገባባቸው ፍሳሽ ታጥቦ የሚሄድበት በር የለም። ሳሙናና ፍሳሽ የያዙት ንጥረ ነገር አልጌውን ይመግበዋል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ስለዚህ ልጆች በሳሙና ሐይቁ ውስጥ አይታጠቡ። ውሃውን በባልዲ ቀድተው ከዳሩ 60 ሜትር ያህል ርቀው ይታጠቡ፤ አፈሩ ያጣራላቸዋል። ጊዜያዊ ሽንት ቤት የምትቆፍሩ ከሆነ ከጉድጓድ ውሃም ከሐይቅም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከጉድጓድ ውሃው በታች ባለው ቁልቁለት እንጂ በላዩ አይቆፈር።

ክረምት በመሆኑ ደግሞ ሰማዩ ይረዳችኋል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 250 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ወር 100 ካሬ ጣራ 25,000 ሊትር ይቀበላል። አምስት አንዱ ቢፈስ ቢረጭ እንኳ 20,000 ይተርፋል። አሸንዳና አንድ ሮቶ ካለ ለዕቃ ማጠቢያና ለሽንት ቤት ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ስለሚያጥብ ይደፋ።

ጉዞው

ጉዞ የሚወሰነው ቦታ በተመረጠ ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ላንጋኖ 200። ላንጋኖ ደርሶ መልስ 400 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 30 ሊትር የሚጠጣ አውቶቡስ 120 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። 60 ሰው ከሞላበት ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ነው። ሦስት ሰው የጫነች ትንሽ የቤት መኪና ግን ለአንድ ሰው ከአሥር ሊትር በላይ ትወስዳለች። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ «እኔ በራሴ መኪና እመጣለሁ» የሚሉት ወንድሞች ቢቻል ወንበራቸውን ይሙሉ። ጨው አለቀ፣ ገመድ ረሳን እየተባለ በቀን ሦስቴ ከተማ የሚመላለሰውን ፒክአፕ ደግሞ በአንድ የጽሑፍ ዝርዝር ማስቀረት ይቻላል።

ጀነሬተር ላይ ትንሽ ልቆይ። መብራት ሲጠፋ ለአምልኮው ምሽት ትልቁ ጀነሬተር ይነሳል። አንድ ኪቦርድና ሁለት ስፒከር ለማንቀሳቀስ 30 ኪሎ ዋት የሚችል ማሽን ያጓራል። ትልቅ ጀነሬተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ ለምታገኙት ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት አብዝቶ ናፍጣ ይጠጣል፣ ሞተሩም በጥላሸት ይታነቃል። ልኩን የሆነ ትንሽ ተከራዩ። ወይም አንድ ምሽት ጠፍቶ ይዋል፤ ክራርና ከበሮ ይበቃል። ከነበርኩባቸው ካምፖች ልጆች እስከ ዛሬ የሚያነሱት መብራት የጠፋበትን ሌሊት ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ላሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እዚያ የሚከራዩት የካምፕ ግቢ እንጨት አያነድም። ትልቁ ወጪ ከየግዛቱ በየመኪናው መምጣት፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኤር ኮንዲሽነርና የካፊቴሪያው ትራፊ ነው። ግቢውን ስትከራዩ ተጣይ ሳህን እንዳይቀርብ ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ችግኙስ?

አልረሳሁትም። አልጠላውምም። ክረምት የመትከያው ጊዜ ነው፣ ልጆችም አፈር መንካት ይወዳሉ። ግን ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚውጠው ካርቦን ኢምንት ነው፤ በአምስት ቀን ያነደድነውን አይመልስም። ከዚያም በላይ አብዛኛው ችግኝ የሚሞተው ከተተከለ በኋላ ነው፣ በበጋው ጥማትና በከብት አፍ።

ደቡብ ጎንደርን ከአየር ያየ ሰው በታረሰው ማሳ መሐል አረንጓዴ ክብ ክብ ነጠብጣብ ያያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ሲያጠኑ ያገኙት አንዱ ነገር ከብት ገብቶ ከረገጣቸውና ከጋጣቸው ቡቃያው እንደማያድግ ነው። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው የየደብሩን ካህናትና ምእመናን አነጋገሩ። በየማሳው የተበተነው ድንጋይ ተሰብስቦ በደኑ ዙሪያ ካብ ተካበ። ካቡ ባለበት ቡቃያው ራሱ መነሳት ጀመረ።

ስለዚህ ከ500 ችግኝ ይልቅ ትንሽ ተክሎ ማጠር ይሻላል። ከባሕር ዛፍ ይልቅ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥድ ወይም ዋንዛ ይሁን፤ እንደ ቦታው ከፍታ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚቀረው ዘበኛው ነው። ውሃ የሚያጠጣው እሱ ስለሆነ ገንዘቡ ለሱ ይመደብ። ጥር ላይ የጸደቀው ተቆጥሮ በእያንዳንዱ ችግኝ ሒሳብ ይከፈለው።

እኛ በመጨረሻ 20 ብቻ ተከልን። ባነር አልተሠራም። ለወጥ ቤት ኃላፊዋ ሁለት ምርጥ ምድጃ ተገዛላቸው፣ እንጨቱም ግንቦት ላይ ገባ። ቲሸርቱ ያው የአምናው ነው። ጥር ላይ ደውዬ ነበር፤ ዘበኛው 17 ቆጠረልኝ።